ቡፌው ውስጥ የታፈነው ጌም

ስልሳ አንድ ዓመቴ ነው፤ ኳስ እጫወታለሁ።

ቆይ፣ አትሳቁ። እ... ማለቴ ሳቁ፣ ግን ቀስ ብላችሁ፤ ሰፈሩ ስቆብኝ ገና መጨረሱ ነው። ሜዳ ወርጄ አይደለም የምጫወተው። የኔ ጉልበት እንኳን ለኳስ ለቀጨኔ ዳገትም አልሆነ። ከታክሲ ወርጄ ቤቴ እስክደርስ ሦስት ቦታ እቆማለሁ፤ አላፊ አግዳሚው እንዳይታዘበኝ ደግሞ ሰው የምጠብቅ መስዬ ግራ ቀኝ አያለሁ። የምጫወተው በቴሌቪዥን ነው፤ ጌም በሚሉት። ሶፋዬ ላይ ተቀምጬ፣ ጆይስቲኩን በሁለት እጄ ጨብጬ፣ አሥራ አንድ ጎረምሳ በአውራ ጣቴ አሯሩጣለሁ። ወዴት እንደሚሮጡ እኔም አላውቅ፣ እነሱም አያውቁ።

ባለቤቴ ካረፈ ስምንት ዓመቱ ነው። ያለኝ አንድ ልጅ ነው፤ ቢኒያም። ለሥራ ድሬዳዋ ከሄደ ሁለት ዓመት አልፎታል። ልጄ ደግ ልጅ ነው፣ ይደውላል። ግን የወንድ ልጅን ስልክ ታውቁታላችሁ።

«እማዬ፣ ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ። አንተስ?»

«ደህና ነኝ።»

«በላህ?»

«በላሁ።»

«ምን በላህ?»

«ምግብ ነዋ! በይ ሥራ ላይ ነኝ፣ ቻው እማዬ።»

በቃ። ከሁለት ደቂቃ ካለፈ ኔትወርኩ ተንጠልጥሎበት ነው። ስልኩን ካስቀመጥኩ በኋላ ልጠይቀው የነበረውን ሁሉ ለግድግዳው እጠይቀዋለሁ። ግድግዳ ደግሞ አይቸኩልም፤ ችግሩ አይመልስም እንጂ።

አምና ለበዓል መጥቶ አሮጌውን የጌም ማሽን ይዞልኝ መጣ። «እኔ ሌላ አለኝ፤ ይሄ ላንቺ ይሁን። እሁድ እሁድ በኢንተርኔት አብረን እንጫወታለን» አለኝ። ልብ በሉ፣ እኔ ኳስ ወድጄ አላውቅም። ባለቤቴ ጎል በገባ ቁጥር በሚያቀልጠው ጩኸት ስንት ብርጭቆ ከእጄ እንደወደቀ እኔና መጥረጊያው ነን የምናውቀው። ግን ልጁ ማሽኑን ከካርቶን ሲያወጣ ፊቱን አየሁትና ይሉኝታ ያዘኝ። ይሉኝታ ክፉ ነገር ነው፤ ሰው ያልወደደውን ድርብ ያስበላል። «እሰይ የኔ ልጅ! ስመኘው የኖርኩትን!» አልኩ። ከዚያ ወዲያ እሺ ከማለት ሌላ ምን አለ?

በሦስተኛው እሁድ ግን አንድ ነገር ገባኝ። ይሄ ልጅ ዓይኑ ኳሱ ላይ ሲሆን አፉ ይፈታል! ጆሮዬ ላይ በሰካሁት ማዳመጫ አንድ ሰዓት ሙሉ ያወራኛል። ስለ አለቃው፣ ስለ አከራዩ፣ ስለ ድሬ ሙቀት። አባቱ ካረፈ ጀምሮ ስለ አባቱ አንድ ቃል ተንፍሶ የማያውቅ ልጅ፣ ሦስተኛውን ጎል እያገባብኝ፣ «እማዬ፣ አባዬ ጫማ ሲጠርግ ያፏጭ የነበረው ትዝ ይልሻል?» አለኝ። ያን ቀን አምስት ለባዶ ተሸንፌ እንባዬ እስኪመጣ ደስ አለኝ። ከዚያ በኋላ ሳምንቴ ማለት እሁድ ስምንት ሰዓት ሆነ። ከቤተ ክርስቲያን እመለሳለሁ፣ ምሳዬን እቀማምሳለሁ፣ ማሽኔን እከፍታለሁ። ሰኞ እስከ ቅዳሜ ያለው መንገድ ነው።

እንግዲህ ወደ ማሽኑ ልምጣ። የኛ ቤት ሳሎን ግማሹ ቡፌ ነው። ቡፌው ውስጥ የሰርጌ ብርጭቆዎች አሉ፣ ሰው ጠጥቶባቸው የማያውቅ። ቴሌቪዥኑ አለ፣ ሪሲቨሩ አለ፣ የዋይፋዩ ሳጥን አለ፣ ስታብላይዘሩ አለ። የልጄ የትምህርት ቤት ዋንጫ፣ የፕላስቲክ አበባ፣ የባለቤቴ ፎቶ፣ ሁለት ቴርሞስ፣ አንድ የማይሠራ ሰዓት። የጌም ማሽኑን በነዚህ መሃል ሸጎጥኩት። ሸጉጬም አልተውኩት። እኛ ቤት ዳንቴል ሳይለብስ የሚቀመጥ ዕቃ ነውር ስለሆነ በእጄ የሠራሁትን ነጭ ዳንቴል አለበስኩት። በዳንቴሉ ላይ ቴርሞሱን አስቀመጥኩ፤ እንዳይንሸራተት። ከዚያ ደግሞ በማሽኑ ጎንና ጀርባ ብዙ ትናንሽ ቀዳዳ አየሁ። አቧራና በረሮ መግቢያ! አንድ በአንድ በፕላስተር ለጥፌ ደፈንኳቸው። ጎበዝ የቤት እመቤት እንዲህ ናት ብዬም ራሴን አመሰገንኩ።

ማሽኑ ምስጋናዬን ብዙ አልታገሠም። አንድ እሁድ አራት ለባዶ እየተመራሁ ሳለ እንደ ወፍጮ ማጓራት ጀመረና ድርግም አለ። ወዲያው ስልኬ ጮኸ።

«እማዬ፣ ስትሸነፊ ማጥፋት ነውር ነው።»

«ጌታን! እኔ አልነካሁትም፣ ራሱ ነው የጠፋው።»

«እሺ፣ እሺ። ሰምቻለሁ።» ይስቃል።

ቀጥሎ ባለው እሁድም በአርባ ደቂቃ ጠፋ። ቀጥሎ ባለውም። ስነካው ያቃጥላል። አሁን ፍረዱኝ! የልጄ ማሽን ድሬዳዋ ላይ፣ እንቁላል ፀሐይ ላይ በሚበስልበት አገር፣ አንድ ቀን ሞቀኝ ብሎ አያውቅም። የኔው እንጦጦ ሥር፣ ሰው በሁለት ሹራብ ላይ ጋቢ በሚደርብበት ሰፈር ሞቀኝ ይላል። ቤቴ ውስጥ ሙቀት የተረፈው እሱ ብቻ ነው።

ይሄ ሁሉ ባልከፋ። አንድ እሁድ ግን ልጄ ሦስተኛውን አግብቶብኝ ሲያበቃ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እማዬ... አንድ ነገር ልነግርሽ ነበር። ግን እንዳይከፋሽ» አለ።

«ንገረኝ» አልኩ።

ድርግም።

በጌታ ስም! ወዲያው ደወልኩለት። «ምንም አይደል እማዬ፣ በስልክ አይሆንም። እሁድ ስንጫወት እነግርሻለሁ» አለና ዘጋው። እንዳይከፋሽ የሚባል ነገር ምንድነው? ታሞ ይሆን? ከሥራ አውጥተውት ይሆን? ሳልሰማ አግብቶ ይሆን? እንቅልፍ የሚባል ነገር ከዓይኔ ጠፋ። አንድ ነገር ብቻ ነው የማውቀው፤ በሚመጣው እሁድ ያ ማሽን መጥፋት የለበትም።

ሰኞ ጠዋት በራችን ላይ ሱቅ ወዳላት ወደ ዘሃራ ሄድኩ። ሃያ ዓመት ጎረቤቴ ናት፤ ከሷ የደበቅሁት ብቸኛ ሚስጥሬ ማሽኑን የምጫወትበት እኔ መሆኔ ነው። አፈርኩኛ! «የልጄ ዕቃ ነው፤ እየሞቀ ይጠፋብኛል» አልኳት።

«የት ነው ያስቀመጥሽው?»

«ቡፌው ውስጥ።»

«እዛ ቡፌ ውስጥ? ያ አላህ! እኔ ይሄን የለስላሳ ፍሪጅ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ካላራቅሁት ሞተሩ ይቃጠላል። ዕቃም ይተነፍሳል እኮ። ቡፌሽን ቀንሺ።»

ቡፌሽን ቀንሺ! የሰርጌን ብርጭቆ! ተቀይሜ ሳሙናዬን ገዝቼ ወጣሁ። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው የተባለው ለኔ ነበር።

ማክሰኞ በራሴ ዘዴ ጀመርኩ። የውሃ ፕላስቲክ ክዳን አራት ለቅሜ ከማሽኑ ሥር እንደ እግር አቆምኩለት። ጥሩ ነበር፤ ከፍ ሲል ግን ላዩ ያለው ቴርሞስ የቡፌውን መደርደሪያ ነካና ጭራሽ ተወጠረ። ለሙከራ ብቻዬን ከኮምፒውተሩ ጋር ተጫወትኩ። ብቻን መጫወት እንዴት ያስጠላል መሰላችሁ! ጎል ሲገባብኝ እንኳ የሚስቅብኝ የለም። በሠላሳ አምስት ደቂቃ ጠፋ።

ማታውን ትኩሳት በምን ይወርዳል ብዬ አሰብኩ። በበረዶ! ውሃ በፌስታል አስሬ ፍሪዘር ውስጥ አሳደርኩና ረቡዕ ጠዋት በፎጣ ጠቅልዬ ማሽኑ ላይ ጫንኩት። ከዚያ በር ላይ ሽንኩርት ልገዛ ወጣሁ። ስመለስ በረዶው ቀልጦ ከማሽኑ ወደ ስታብላይዘሩ፣ ከስታብላይዘሩ ወደ ዋይፋዩ ሳጥን ይንጠባጠባል። የዋይፋዩ መብራቶች አንድ በአንድ ጠፉ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። እኔ ግን የምለቅመውም አጣሁ።

ያን ዕለት ከሰዓት የጸሎት ቡድናችን የሚሰበሰብበት ቀን ነበር። የቡድናችን መሪ እህት አስቴር «የጸሎት ርዕስ ያለው?» ስትል እጄን አወጣሁ። አስቡት እንግዲህ፤ «የኳስ ጌሜ ስለሚሞቅ ጸልዩልኝ» ይባላል? ይሉኝታዬ አፌን ያዘውና «ስለ ልጄ... ስለ ቢኒያም ጸልዩልኝ» ብቻ አልኩ። እንባዬም መጣ። እህት አስቴር እጄን ጨበጠችና ከዚያ በላይ አልጠየቀችኝም። ባለመጠየቋ ጌታን አመሰገንኩ፤ ሞኝ።

ሐሙስ ቴክኒሻን መጣ፤ ግንባሩ ላይ ባትሪ ያሰረ፣ ቁምነገረኛ ሰውዬ። ቴርሞሱን አነሳ። ዳንቴሉን አነሳ። ማሽኑን ገልብጦ አየው።

«ማዘር፣ ይሄን ፕላስተር ማን ነው የለጠፈው?»

«እ... በረሮ እንዳይገባ ተብሎ ነው።»

«በረሮው አልገባም፤ አየሩም አልገባም። እርስዎ አፍንጫዎትን በፕላስተር ለጥፈው፣ ብርድ ልብስ ተከናንበው ዳገት ቢሮጡ ምን ይሆናሉ?»

«እኔማ ሳልለጥፈውም አልሮጥም» አልኩት።

ከፈተው። ከውስጡ የወጣው አቧራ ትራስ ይሞላል። አጸዳው፣ አደረቀው፣ የዋይፋዩም ሳጥን ላይ ነፍስ ዘራ። ሲወጣ፣ «ቡፌ ውስጥ እንዳይመልሱት። ግራ ቀኙ፣ ኋላውም ክፍት ይሁን። ሳሎኑም አቧራ አይኑርበት» ብሎ አስጠነቀቀኝ።

እኔ ደግሞ አንድ ነገር ከያዝኩ ያዝኩ ነው። ቅዳሜ ጠዋት የግቢውን ሰዎች ለምኜ ሶፋውን፣ ጠረጴዛውን፣ ምንጣፉን ሁሉ በረንዳ አስወጣሁ። የቡፌውን ሆድ ዕቃ አልጋዬ ላይ ደረደርኩ። አልጋው ለብርጭቆዎቹ ስላልበቃ ከዘሃራ ሱቅ በር ላይ ያለውን ረጅም አግዳሚ ወንበር ተውሼ ሳሎን አስገባሁ፤ ብርጭቆዎቹን ግን ገና አልደረደርኩበትም። አቧራው እንዳይነካኝ ጸጉሬን በጥቁር ሻሽ ሸብ አድርጌ ግድግዳውን መጥረግ ጀመርኩ። አቧራው ዓይኔ ውስጥ ገብቶ በርበሬ መሰለ።

እህት አስቴርና አራት እህቶች ሙዝና ብርቱካን ይዘው ብቅ ያሉት ይሄኔ ነው። የልጄን ነገር ሊጠይቁ መጥተው በሩ ላይ ደርቀው ቀሩ። ምን አዩ? ዕቃው የወጣ ባዶ ሳሎን። ግድግዳ ጥግ አግዳሚ ወንበር። ጥቁር ሻሽ ያሰረች፣ ዓይኗ የቀላ እናት። እኛ አገር ሳሎን እንዲህ የሚሆነው ለአንድ ነገር ብቻ ነው።

«ወይኔ እህቴ! ሳትነግሪን!» አለችና እህት አስቴር አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ሙዙ መሬት ወደቀ። የቀሩት አራቱ ተያይዘው አለቀሱ።

እኔስ ምን ላስብ? አምስት ሴት ተሰብስቦ በጠዋት ቤቴ መጥቶ ሲያለቅስ፣ መርዶ ካልሆነ ምን ይሆናል! ያ «እንዳይከፋሽ» ያለኝ ነገር በአንድ ጊዜ ታየኝ። ታሞ ኖሯል፤ እኔ በረዶ ሳስር፣ ክዳን ስለቅም፣ ልጄ ታሞ ኖሯል! «ቢኒዬን!» ብዬ ጮህኩ። እነሱም ጩኸቴን ሲሰሙ ባሰባቸው። ግቢው ወጣ። ከታች ቤት ያሉት ሰውዬ ሮጠው ገቡና ኮፍያቸውን አውልቀው፣ «አስከሬኑ መቼ ይገባል? ለዕድሩ ዳኛ ልንገር» አሉ። እኔ አስከሬን የሚለውን ቃል ስሰማ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ።

ዘሃራ ሱቋን ሳትዘጋ ሮጣ ደረሰች። «ማነው የሞተው?»

«ቢኒያም!» አለች እህት አስቴር።

«ማን ነገረሽ?»

«እሷ ናታ፤ አታያትም!»

«እኔ?» አልኩ እንባዬን እየጠረግሁ። «እናንተ አይደላችሁ የመጣችሁት?»

ዘሃራ አንዴ እኔን አንዴ እነሱን አየች። «ወላሂ እናንተ ሰዎች ታሳብዳላችሁ። ደውሉለታ!»

ደወልኩ። ሁለት ጊዜ ጠራ። እነዚያን ሁለት ጥሪዎች ለጠላቴም አይስጥ።

«ሄሎ እማዬ፣ ሥራ ላይ ነኝ።»

«አለህ?»

«የት እሄዳለሁ? ምነው ድምፅሽ?»

«ምንም። አቧራ ነው። ቻው» ብዬ ዘጋሁት። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሱ ቀድሜ የዘጋሁት ያን ቀን ነው።

«ታዲያ ዕቃው ለምን ወጣ?» አሉ የታች ቤቱ ሰውዬ። ከዚያ በኋላማ ምን ማምለጫ አለ? ተናዘዝኩ። ከልጄ ጋር ኳስ እንደምጫወት፣ እንደሚሞቅ፣ ፕላስተሩን፣ በረዶውን፣ ሁሉንም። መጀመሪያ ዘሃራ ናት የሳቀችው፤ ሳቋን ልትይዝ ሞክራ በአፍንጫዋ ወጣ። ቀጥሎ እህት አስቴር። የታች ቤቱ ሰውዬ ኮፍያቸውን መልሰው ደፉና፣ «በየትኛው በኩል ነው የሚጫወቱት፣ አጥቂ ኖት ተከላካይ?» አሉኝ። ጉድ በል ጎንደር ይላሉ፤ ያን ቀን ጉድ ያለው ጉለሌ ነው።

ሙዙን በልተው፣ ወለሉን አብረውኝ አጥበው፣ ሄዱ። በሩ ሲዘጋ ያ ባዶ ሳሎን ድምፄን መለሰልኝ። ስንት ሰው ሞልቶ ስቆ የወጣበት ቤት እንዲያ ጭር ሲል ከድሮው የባሰ ይከብዳል። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ብቸኝነቱ ያን ከሰዓት አጥንቴ ድረስ ተሰማኝ። ልጄ ባይሞትም ከኔ ዘንድ የለም። ለቅሶዬ ግማሹ ልክ ነበር።

እሁድ ስምንት ሰዓት። ማሽኑን መሃል ሳሎን በርጩማ ላይ አስቀመጥኩት፤ ዳንቴል የለ፣ ቴርሞስ የለ። በሩንና መስኮቱን በሰፊው ከፈትኩ። የእንጦጦ ንፋስ ሰተት ብሎ ገባ። እኔ ጋቢ፣ ካልሲ፣ የሱፍ ኮፍያ፤ ጥርሴ እየተንገጫገጨ። ማሽኑ ግን እፎይ ብሏል። አርባ ደቂቃ አለፈ። ሃምሳ። አላጓራም። አምስት ለባዶ እየተመራሁ ነበር።

«እማዬ፣ ዛሬስ አልጠፋብሽም» አለ ልጄ።

«አይጠፋም። ያን ነገር ንገረኝ።»

ተጫዋቾቹ መሃል ሜዳ ላይ ቆሙ። እጁን ከጆይስቲኩ አንስቷል ማለት ነው።

«እንዳይከፋሽ እሺ? እኔ ጋ ያለውን ማሽን ለአንድ የሥራ ጓደኛዬ ልሰጠው ነው። እኔ ኳሱን ካቆምኩ ቆይቷል፤ ሰልችቶኛል እማዬ። አንቺ በጣም ስለምትወጂው ነው እንጂ... ቅር እንዳይልሽ ብዬ ነው እስከዛሬ የቆየሁት። አንቺ ከኮምፒውተሩ ጋር መጫወት ትችያለሽ። እኛ በስልክ እናወራለን።»

በስልክ።

የዚያን ጊዜ ማሽኑ ቢጠፋልኝ ብዬ ለመንኩ። ሳምንቱን ሙሉ አትጥፋ ያልኩትን፣ ጥፋ አልኩት። ወይ ፍንክች! ጤነኛ ነው፤ ከጀርባው እፍፍ ይላል። አፌን ከፈትኩ። «ልጄ፣ እኔም ኳስ አልወድም፤ የምወደው አንተ ስታወራ መስማት ነው» ልለው ነበር። ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሷል። ግን ብለውስ? አፍሮ፣ አዝኖ፣ ሁለት ሳምንት ረዘም ረዘም አድርጎ ይደውላል። ግዴታ ይሆንበታል። ሦስተኛው ሳምንት ላይ «ደህና ነሽ፣ ደህና ነኝ» ይመጣል። ልጄን አውቀዋለሁ፤ ፊት ለፊት ሲሆን ቃል ያጥረዋል። አባቱም እንዲሁ ነበር።

«ምን?» አልኩ። «አይሆንም! ኳስ ከሌለማ ምን ቀረኝ? ሳምንቱን ሙሉ እሱን ስጠብቅ አይደል የምውለው? ከኮምፒውተር ጋር ምን ጨዋታ አለው? እኔ ገና ጎል ማግባት አልተማርኩም!»

ንፋሱ በሩን አንዴ ገጭ አደረገው።

«ይሄን ያህል ትወጂዋለሽ እንዴ?»

«በጣም ነው የምወደው» አልኩ።

ረጅም ትንፋሽ ሰማሁ። «እሺ በቃ፣ አልሰጠውም። ላንቺ ስል ነው እንግዲህ።»

«እግዚአብሔር ይስጥህ የኔ ልጅ።»

ተጫዋቾቹ ተነቃነቁ። ልጄ ጉሮሮውን ጠርጎ ስለ አከራዩ ፍየል ይነግረኝ ጀመር፤ ፍየሏ ልብሱን ከገመድ ላይ እንደበላችበት። እያወራ ስድስተኛውን አገባብኝ። ኳሱ ተመልሶ መሃል ሜዳ ተቀመጠ።

«ጀምሪ እማዬ» አለኝ።

ጀመርኩ።